የጀርባው ቀለም

አዲሱ ባትሪ በሳምንቱ ሞተ። ሣር ማጨጃው የሜዳውን አንድ አጋማሽ አጭዶ መሀል መስመሩ ላይ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ቢላዋው መሽከርከሩን ተወ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ቀጥ አለ። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ሣር የበልጉን ዝናብ ጠጥቶ ከቁርጭምጭሚት በላይ አድጓል፤ ከሐኪም ተራራ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ ሲነካው እንደ ስንዴ እየተኛ ይነሳል።

"ባትሪው ነው ብለሽ ነበር" አለች ሳዳ።

"ብዬ ነበር" አለች ባርኮት።

"አስገዛሽን።"

"አስገዛኋችሁ። አሁን ትንሽ ዝም ብትይልኝ ደግሞ ምክንያቱን እፈልጋለሁ።"

ሳዳ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በቴክኒክ ኮሌጁ የስፖርት አስተማሪ ናት፤ የመምህራኑን የእግር ኳስ ቡድን የምታሠለጥነውም እሷው ናት። ፊሽካዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ገበያ ትወጣለች፤ ቲማቲም ሻጮቹ ዋጋ ሲጨምሩባት ትነፋባቸዋለች ይባላል።

የነገው ጨዋታ ከድሬዳዋ መምህራን ጋር ነው። ሁለቱ ቡድኖች በየዓመቱ በየተራ፣ አንዴ ሐረር አንዴ ድሬዳዋ ሲገናኙ አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። እንግዳው ቡድን በዋዜማው አምበሉን ይልካል። አምበሉ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ኳሷን በእግሩ ገፋ ያደርጋታል፤ አንዴ ወደዚህኛው ጎል፣ አንዴ ወደዚያኛው። ኳሷ በሁለቱም በኩል የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ መስመር ላይ ከደረሰች ሜዳው አለፈ። በአንዱ በኩል ሣር ይዞ ካስቀራት ጨዋታው ወደ እንግዳው ከተማ ይዛወራል። ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም። ባለፈው ዓመት ሐረሮች ድሬዳዋ ወርደው፣ በዚያ ሙቀት ምላሳቸውን አውጥተው ሲሮጡ ውለው፣ ሦስት ለባዶ ተሸንፈው ተመልሰዋል። ሳዳ ከዚያን ቀን ጀምራ ዘንድሮን ስትጠብቅ ኖራለች። የድሬዳዋው አምበል ናትናኤል ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ሐረር ይገባል።

"ልጄ፣ ዳማ ደክሞት ነው" አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ። ከማሽኑ ወንበር ላይ አልወረዱም።

"ማሽን አይደክምም ጋሽ ኪዳኔ።"

"አንቺ ማሽን ሆነሽ ታውቂያለሽ?"

ዳማ ማለት ሣር ማጨጃው ነው። ሰው እንደ ፈረስ ተቀምጦበት የሚነዳው ዓይነት ነው፤ ሥራውን ጨርሶ የሄደ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት አንዱን ለሐረሩ ኮሌጅ፣ መንትያውን ለድሬዳዋው ትቶላቸው ሄደ። የሐረሩን ከጋሽ ኪዳነወልድ በስተቀር የሚነዳው የለም። የሜዳው ጠባቂ እሳቸው ናቸው። አያታቸው ፈረሰኛ ወታደር ሆነው ሐረር የገቡ ሰው ስለነበሩ፣ ጋሽ ኪዳነወልድም ማሽኑ በመጣ በማግስቱ የፈረስ ስም አወጡለት። ዳማ የቀይ ፈረስ ስም ነው፤ ማሽኑም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቀይ ነበር። አሁን አረንጓዴ ሆኗል። "አረንጓዴ ዳማ የት አገር ነው ያለው?" የሚሏቸው ብዙ ናቸው።

ባርኮት ኮሌጁ ውስጥ ኤሌክትሪክ ታስተምራለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ምህንድስና ነው፤ ትዕግሥት የሚባለውን ግን የትም አልተማረችም። እናቷ ወይዘሮ ገላነሽ "ይቺ ልጅ ሽሮው እስኪበርድ እንኳ አትጠብቅም፤ ምላሷ ዓመቱን ሙሉ እንደተቃጠለ ነው" ይሏታል። ባለፈው ሳምንት ማሽኑ አልነሳ ሲል ባትሪውን ለካች፤ ወርዶ አገኘችው፤ "አርጅቷል፣ ቀይሩት" ብላ ፈረደችና ወደ ክፍሏ ሄደች። ሞተሩን አስነስታ ባትሪው እየተሞላ መሆን አለመሆኑን ማየት ነበረባት። ያ የሚወስደው ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለመጠጣት ከሚወስደው አይበልጥም። ተማሪዎቿ እንዲህ ቢሠሩ ዜሮ ትሰጣቸው ነበር። ይህን ለሳዳ አልነገረቻትም፤ ሳዳ ግን ፊቷን አይታ ሳታውቅ አልቀረችም።

"እኔ መምህራኑን ማጭድ አስይዛለሁ" አለች ሳዳ። "አንቺ እሱን አስነሺ።"

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሐረር መምህራን ሸሚዛቸውን ሰብስበው፣ ማጭድ ይዘው በሜዳው ዳርቻ ተሰለፉ። ማጨዱን ግን አልቻሉበትም፤ ያለፉበት ቦታ ፍየል ጀምራ የተወችው ይመስላል። የሒሳብ አስተማሪው ገና አንድ ክንድ ሳያጭድ ወገቡን ይዞ ቁጭ አለ። ሳዳ ፊሽካዋን ነፋችበት። ተነሳ።

የሳዳ ስልክ ጮኸ። ናትናኤል ነው። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

"አቦ ሳዳ! መንገድ ላይ ነኝ። ሣሩ እንዴት ነው? ፍየል ይዤላችሁ ልምጣ?"

"አንተ ብቻ ቶሎ ና። በዚያ ሙቀት ብዙ ቆይተህ ጭንቅላትህ እንዳይቀልጥ።"

"ውሃ የላችሁም ሲባል ሰምቼ፣ ሣሩን በምን አበቀላችሁት እያልኩ ነው።"

"ነገ የምታለቅሱትን እንባ ቀድመን ወስደን ነው ያጠጣነው።"

ከማጭደኞቹ መሀል ሳቅ ተነሳ። ሳዳ ስልኩን ዘግታ ወደ ባርኮት ዞረች፤ ፊቷ ላይ ሳቁ አልነበረም።

"ባርኮት፣ ወላሂ እኔ ድሬዳዋ ሁለተኛ አልወርድም። ሞቼ ካልሆነ።"

ባርኮት ከኤሌክትሪክ ክፍሏ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ አስመጥታ ቀየረች። ጋሽ ኪዳነወልድ ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

"ይኸው! ዳነ!"

"አልዳነም። በሰው ደም ነው የቆመው።"

የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ የቴስተሯን ሁለት ጫፎች ባትሪው ላይ አሳረፈች። ሞተሩ እየሠራ ንባቡ ወደ አሥራ አራት ቮልት መውጣት ነበረበት። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቆሟል። ጋሽ ኪዳነወልድን ቢላዋውን እንዲያስገቡ በምልክት ነገረቻቸው። ቢላዋውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የኤሌክትሪክ ክላች ቷ ብሎ ሲይዝ ንባቡ አሥራ ሁለት ሆነ፤ ከዚያም ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ ቀስ እያለ ወደ ታች።

"አጥፉት ጋሽ ኪዳኔ።"

"ምን አለ?"

"ባትሪው ይሰጣል፤ ለእሱ ግን የሚሰጠው የለም።"

"እንደ እናት።"

"እንደ እናት አይደለም፤ እንደ ባትሪ ነው። ሽፋኑን እንክፈተው።"

ሳዳ ከማጭደኞቹ ዘንድ ተመልሳ መጥታ ከጎናቸው ቁጢጥ አለች። ባርኮት እያሳየቻት ተናገረች፤ ጮክ ብላ ስትናገር ራሷም እንደማትዘል ታውቃለች። ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከትልቁ መዘውር፣ ከቮላኖው ሥር ያለው የሽቦ ጥቅልል ነው የሚያመነጨው። የመነጨውን ሬጉላተር የምትባል የመዳፍ ያህል ሳጥን ተቀብላ፣ አመጥና ለባትሪው ታቀብላለች። መሀል ላይ ሽቦና ፊውዝ አለ። ባትሪው ካልተሞላ ከእነዚህ አንዱ ሥራውን ትቷል።

"የትኛው?"

"ሳዳ፣ አሁን ነው የጀመርኩት።"

"አንቺ ነሽ ደግሞ ትዕግሥት የምታስተምሪኝ?"

ፊውዙን ነቅላ ወደ ፀሐይ ይዛ አየችው። ደህና ነው። ከጥቅልሉ የሚመጡትን ሁለት ቢጫ ሽቦዎች ከሬጉላተሯ ነቀለች፤ ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲጨመርለት ቴስተሩ ሃያ ስምንት አለና ከዚያም በላይ ወጣ። ማመንጫው ጤነኛ ነው፤ ከሚፈለገውም በላይ ጤነኛ። ሽቦዎቹን መልሳ ሰካችና ሬጉላተሯ ወደ ባትሪው የምታወጣውን ለካች። ምንም። ሌላ ጊዜ ለካች። ምንም።

"ሬጉላተሩ ነው" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንዲህ ያለች ሬጉላተር ሐረር ውስጥ የለችም፤ አዲስ አበባም ከተገኘች ነው። ባርኮት ያንን ቃል ካወጣችው ሳዳ ስልኳን ታነሳለች፤ ጨዋታው ድሬዳዋ ሄደ ማለት ነው። እጇ ሽፋኑን ለመግጠም ተነስቶ ነበር።

"ቆይ" አለች።

ሳዳና ጋሽ ኪዳነወልድ ተያዩ። ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምተው አያውቁም።

ባርኮት ሬጉላተሯን ከላይ እስከ ታች አየቻት። እንደ ማሽኑ ሁሉ እሷም አረንጓዴ ናት፤ የምታብረቀርቅ፣ ጥንቅቅ ያለች አረንጓዴ። ሬጉላተር ደግሞ ባዶ ብረቷ ከሞተሩ ብረት ጋር ካልተነካካ አትሠራም፤ ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለሰው በዚያ ነው። መካኒኮች "ማሳ" ይሉታል። ባርኮት ቴስተሩን፣ ሁለት ነገር ሲገናኝ ጢጥ ወደሚልበት አዞረችው። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሬጉላተሯ ላይ። ዝም። ቀለሙን በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅ አድርጋ ባዶው ብረት ላይ ጫነችው። አሁንም ዝም። ብረቱ አለ፤ ከሞተሩ ጋር ግን አይተዋወቅም።

አንድ ቁራጭ ሽቦ አነሳች። አንዱን ጫፉን ኔጌቲቩ ላይ አሥራ፣ ሌላውን በተፋቀው ብረት ላይ ያዘችው።

"አስነሱት።"

ሞተሩ ተነሳ። ሳዳ ቴስተሩን ይዛ ነበር፤ ቁጥሩ ሲወጣ አብራው ተነስታ ቆመች።

"አሥራ ሦስት... አሥራ ሦስት ተኩል... አሥራ አራት! አሥራ አራት ከሁለት! ጥሩ ነው? ባርኮት፣ ጥሩ ነው?"

ባርኮት ሞተሩን አስጠፋች። ሬጉላተሯን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትታ ገለበጠቻት። ጀርባዋም አረንጓዴ ነው፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ እንደ ሸክላ ሳህን የተወለወለ። የተቀመጠችበት የሞተሩ ብረትም እንዲሁ።

"ጋሽ ኪዳኔ፣ ይቺን ከጀርባዋ ማን ቀባት?"

"እኔ ነኛ" አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ በኩራት። "አንድ በአንድ ፈትቼ፣ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ሁለት ሁለት እጅ ነው የቀባሁት።"

"ጀርባውን ለምን?"

"ፊት ለፊቱን ብቻ የሚቀባ ሰው ለሰው ዓይን ነው የሚቀባው፣ ልጄ። እኔ እንደዚያ አልሠራም። ብሎኖቹን ሳይቀር ቀብቻቸዋለሁ።"

"ብሎኖቹንም?"

"ቀዳዳቸውንም።"

ሳዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጀጎል ውስጥ ሰው ሁሉ ለሸዋል ዒድ በዓል ቤቱን ይቀባል፤ የሳዳ እናትም በየዓመቱ ግድግዳና በር አስቀብተው ሲጨርሱ፣ የተረፈውን ቀለም ሳዳ ለጋሽ ኪዳነወልድ ታመጣላቸዋለች። እሳቸውም የተሰጣቸውን አያባክኑም። አንድ ዓመት የጎሎቹን ቋሚ ቀቡ። በሚቀጥለው የተመልካቹን አግዳሚ ወንበር። አምና የውሃ ቧንቧውን መክፈቻ ቀቡና ከዚያ ወዲያ በፒንሳ ካልሆነ አልከፈት አለ። የዘንድሮው አረንጓዴ የሳዳ ቤት የውጭ በር ቀለም ነው። ዒዱ አለፈ፣ ዳማ ተቀባ፣ በሳምንቱ ዳማ አልነሳም አለ።

"ያ ረቢ!" አለች ሳዳ። "የኔ ቀለም!" ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "የኔው ቀለም ድሬዳዋ ሊልከኝ ነበር!"

ጋሽ ኪዳነወልድ አልሳቁም። ከወንበሩ ወርደው እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ።

"ታዲያ እኔ ነኝ የገደልኩት?"

ባርኮት እንዲህ ላለ ጥያቄ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አዎ"። አሁንም አፏን ከፍታ ነበር። ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

"እርስዎ አፈኑት፣ እኔ ደግሞ ሳልመረምር ልቀብረው ነበር" አለች። "ብርጭቆ ወረቀት አለዎት?"

ከመጋዘኑ አመጡላት። መፋቅ ስትጀምር ግን ሁለት ጊዜ እንኳ ሳታሽ ቀሟት።

"ወዲህ በይ፤ እንደሱ አይፋቅም። ትቸኩያለሽ። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልፋቀው።"

የሬጉላተሯን ጀርባ፣ የሞተሩን ብረት፣ ብሎኖቹንና ቀዳዳዎቻቸውን እንደ ቀቧቸው አድርገው አንድ በአንድ ፋቁ። ባርኮት አጠገባቸው ቆማ በጫማዋ መሬት ትመታለች፤ ሰዓቷን ታያለች፤ ሜዳውን ታያለች፤ ሰዓቷን ታያለች። "ይበቃል ጋሽ ኪዳኔ" ስትል፣ "የፊትሽ መልክ ካልታየበት አይበቃም" ይሏታል። በመጨረሻ ሬጉላተሯ ገባች፣ ብሎኖቹ ጠበቁ፣ ሞተሩ ተነሳ። አሥራ አራት ከሁለት። ቢላዋው ሲገባም አልወረደም።

ሳዳ ፊሽካዋን ነፋች። መምህራኑ ማጭዳቸውን ጥለው ከሜዳው ወጡ። የሒሳብ አስተማሪው ወገቡን ረስቶ ይሮጣል። ጋሽ ኪዳነወልድ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፍተው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ ዳማን ወደ ረጅሙ ሣር ነዱት፤ የተቆረጠው ሣር በጎናቸው እየተረጨ፣ ሽታው ሜዳውን ሞልቶ። መስመር ጨርሰው በዞሩ ቁጥር ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ መምህራኑም ያጨበጭቡላቸዋል። ሳዳ እልል አለች። ባርኮት እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቆመች። መሳቋን ያወቀችው ጉንጯ ሲደክማት ነው።

የመጨረሻው መስመር ታጭዶ ሳያልቅ ናትናኤል ከሸዋ በር በባጃጅ መጣ። ኳሷን በብብቱ ይዟል። ከማጭደኞቹ አንዱ አፉን መያዝ አቅቶት ማሽኑ ቆሞ እንደነበር በስልክ ነግሮት ነበርና ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ማሽኑ ሲሄድ ሲያይ ሳቁ ግማሽ ላይ ቀረ።

መሀል ሜዳ ላይ ቆመ። ኳሷን ወደ ወዲህኛው ጎል ገፋት፤ መስመሩን አለፈች። ዞሮ ወደ ወዲያኛው ገፋት። ኳሷ ተንከባለለች፣ ፍጥነቷ ቀነሰ፣ ማጭደኞቹ ያበላሹት ቦታ ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ነጠረች። ሳዳ የፊሽካዋን ገመድ ጥርሷ ውስጥ አስገብታለች። ኳሷ ልትቆም ነው ሲባል አልቆመችም፤ መስመሩ ላይ ደርሳ፣ መስመሩን ረግጣ ቆመች።

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ሳዳ ባርኮትን አቅፋ ከመሬት አነሳቻት።

"አውርጂኝ።"

"አላወርድሽም!"

ናትናኤል እጁን አንስቶ ሜዳው ማለፉን አስታወቀ። ከዚያ ወደ ማሽኑ መጣና ዙሪያውን ዞረው።

"ምን ሆኖ ነበር?"

ጋሽ ኪዳነወልድ ጫማቸውን አዩ።

"ማሳ አልነካ ብሎ ነበር" አለች ባርኮት።

"ለምን?"

"አንዳንዴ ይሆናል።"

ተማሪ ይህን መልስ ቢጽፍላት ወረቀቱን ትመልስበት ነበር። ከአፏ ሲወጣ ግን አልጎረበጣትም፤ ይህ ትንሽ ገረማት።

ናትናኤል መስማቱን ትቶ ቀለሙን በእጁ እየዳሰሰ ነው። "ግን እንዴት ያለ ቅብ ነው! የኛው እኮ ዝጎ ሊያልቅ ነው። ይሄን ማን ቀባላችሁ?"

የሳዳ ዓይኖች በሩ። "ጋሽ ኪዳኔ ናቸዋ! ቀለሙም ተርፏል፤ ይዘህ ትሄዳለህ። ግን እንደሳቸው አድርገህ ነው የምትቀባው። ሁሉንም ፈትተህ፣ ከፊትም ከጀርባም። ባርኮት፣ ሂጂ አምጪለት!"

"እውነት? እግዜር ይስጥልኝ! እኔ ደግሞ ሐረሮች ክፉ ናቸው እያልኩ..."

ባርኮት ወደ መጋዘኑ ገባች። ጋሽ ኪዳነወልድ ተከትለዋት ገቡ። የቀለሙ ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ክዳኑ ላይ አረንጓዴው ደርቋል። አነሳችው። ግማሽ ያህል አለው፤ አንድ ሣር ማጨጃ ከነጀርባው ይበቃዋል።

"ልንሰጠው ነው?" አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ።

"ሳዳ ስጪው ብላለች።"

"አንቺስ?"

ባርኮት ቆርቆሮውን አወዛወዘችው። ከውጭ ናትናኤል ስለ ነገው ጨዋታ በሳዳ ላይ ሲያሾፍ ይሰማል። ድሬዳዋ ላይ አንድ ማሽን ግማሽ ሜዳ አጭዶ ሲቆም ታያት፤ ሰዎቹም "ባትሪው ነው" ሲሉ። ከዚያ በዚያ ሙቀት ተንበርክካ ብሎን የምትፍቅ አንዲት ሴት ታየቻት፤ ራሷን ነው ያየችው።

"ነገ በኳስ እናሸንፋቸዋለን" አለች።

"ባናሸንፋቸውስ?"

ቆርቆሮውን ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከኖራው ከረጢት ጀርባ አስቀመጠችው።

"ያን ጊዜ ቀለሙ እዚህ አለ።"

ጋሽ ኪዳነወልድ ከሬጉላተሯ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እየሳቁም ቀድመዋት ወጡ። ባርኮት "ቀለሙ አልቋል!" ብላ ወደ ሜዳው እየጮኸች ተከተለቻቸው፤ በሩን ዘጋች፤ ቁልፉንም እንደ ወትሮው ሚስማሩ ላይ አልሰቀለችውም፤ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።